ከበሩ ውጭ የሚያስል ሰው

ወይዘሮ አበባይሽ እንደገና ተነሥተው የውጭውን በር ዘጉት። ለቀስተኛው ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የተቀመጠው፤ የኅዳር ንፋስ በአራተኛው ፎቅ በረንዳ እየዞረ በኮሪደሩ ይገባና እግር ሥር ይተኛል። ሴትየዋ ወደ ሶፋው ሳይመለሱ ሐዘንተኛዋ ብዙወርቅ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ተነሣች። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች፤ በሩን ከፈተችና እንዳይዘጋ የአባቷን አንድ እግር ጫማ ከሥሩ ወሸቀችበት።

«ብርዱ ይጥልሻል፣ ልጄ» አሏት ወይዘሮ አበባይሽ።

«የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፣ እትዬ።»

ይህማ እውነት ነው፤ አገር ቤት አይዘጋም። ግን አምስተርዳም ኒው ዌስት ውስጥ ወይዘሮ አበባይሽ ያልተቀመጡበት ለቅሶ የለም፤ በሩን በርግዶ ሰማዩን የሚያሞቅ ሐዘንተኛ ግን አላጋጠማቸውም። ሐዘን ነው፣ ምን ይባላል፣ እያሉ ለራሳቸው አጉረመረሙና ሻይ ሊቀዱ ወደ ኩሽና ገቡ።

ብዙወርቅ በሩን የምትከፍተው ለወጉ ብላ አልነበረም። ከውጭ ሳል ይሰማታል። የጉንፋን ሳል አይደለም፤ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው፣ መኖሩን ለማሳወቅ ያህል የሚያስላት አጭር ሳል ናት። ሰው ሲያወራ፣ ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ ከሁሉም መሀል ለይታ ትሰማታለች። ሄዳ ስታይ በረንዳው ባዶ ነው። የጎረቤት ብስክሌት አለ፣ አበባው የደረቀበት ማሰሮ አለ፣ ከብረቱ አጥር ማዶ ደግሞ ዝናቡ አለ። ተመልሳ ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያስላል።

የሞቱት አባቷ ናቸው፤ የተከበሩ አቶ አስራት፣ የቀድሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል። ለቀስተኛው «የተከበሩ» የምትለዋን ቃል ወዷታል፤ ከሮተርዳም የመጣውም ከዴን ሃግ የመጣውም በእሷ ጀምሮ ነው ለቅሶውን የሚያወርደው። በሕይወት ሳሉ ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ከመጡ በኋላ፣ ባርኔጣቸውን ጭነው ከሕንፃው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ነው። ሰላም ሲሏቸው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ይመልሳሉ። ትልቅ ሰው ሆነው ትሕትናቸው፣ ይል ነበር ሰው።

የሞቱት ከዚሁ በር ውጭ ነው። ነገሩን ሁሉ ያከበደውም ይህ ነው። ያን ዕለት እንደ ልማዳቸው ወደ አግዳሚው ወርደው፣ ዝናብ ሲጀምር ተመለሱ። ብዙወርቅ ሥራ ላይ ነበረች፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። በዚያች ሰዓት ከውሃው ማዶ፣ ኖርድ በሚባለው ሰፈር፣ የአንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ፀጉር ታበጥር ነበር። ልጇ ሊና ግን ቤት ነበረች፤ ክፍሏን ዘግታ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ለፈተና ታጠናለች። ብዙወርቅ ስትመለስ አባቷን ከበሩ ፊት ለፊት አገኘቻቸው። ጀርባቸውን ለብረቱ አጥር ሰጥተው ቁጢጥ ብለዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል፤ ራሳቸው በዝናብ ርሷል። የአምቡላንሱ ሰዎች ልብ ነው አሉ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ደወሉም እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል።

ሰው እጁ ከሚደርስበት ደወል ፊት ዝናብ እየመታው ምን ያስቀምጠዋል? የለቅሶ ቤት ወሬ አያጣም። ወይዘሮ አበባይሽና የኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ፈቃደ ኩሽና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህንኑ ያነሡ ይጥሉ ጀመር። ቱርካዊቷ ጎረቤት ሳላቸውን ሰምታ ነበር አሉ፤ ለረጅም ጊዜ አስለዋል፤ እሷ ሲጋራ ሊያጨሱ የወጡ መስሏታል። እንግዲያው ደውለው የሚከፍትላቸው አጥተው ነው አሉ አቶ ፈቃደ። የዛሬ ልጅ ምን ጆሮ አለው፣ ደፍኖት ነው የሚውለው አሉ ወይዘሮ አበባይሽ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አዝነው ነው። ሊና ግን ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ ሁሉንም ሰማች።

ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለች። ሴቶቹ በየተራ ሳህን እየያዙ ገቡ፤ አፈር ስሆን ቢሏት፣ በሞቴ ቢሏት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ስትገባ ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ ጮኸ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ በሩም ክፍት ነው፤ ታዲያ ማን ይደውላል? ጮኾ ቆመ፤ ደግሞ ጮኸ። ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች አማተቡ። ብዙወርቅ እንዴት ከፍራሹ እንደተነሣች ሳታውቀው በረንዳው ላይ ወጣች። ሊና ናት። ማዳመጫዋን ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በባዶ እግሯ እርጥቡ ወለል ላይ ቆማ ደወሉን ትጫናለች።

ብዙወርቅ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አነሣችላት።

«አይሰማም፣ ማማ» አለች ሊና። «ሙዚቃው ካለ ኤኽት፣ እውነቴን ነው፣ አይሰማም። አባባ ደውሏል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

«አልደወለም።»

«እንዴት አወቅሽ? አንቺ አልነበርሽም።»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከውስጥ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩአቸዋል። ብዙወርቅ «ግቢ፣ ይበርድሻል» ብቻ አለቻት፤ ልጅቷም ማዳመጫዋን መልሳ ደፍታ ወደ ክፍሏ ገባች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የብዙወርቅም ሆድ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

አቶ አስራት ማንጆ ነበሩ። ካፋ ጫካ ውስጥ አድነውና ከሰል አክስለው ከሚያድሩት፣ ጎረቤቶቻቸው ካፊቾዎች «ጉሬዛ በላ» እያሉ ከሚጸየፏቸው ሰዎች የተወለዱ። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር ከሰል ተሸክመው ወደ ቦንጋ ይወርዱ ነበር። ማንጆ የካፊቾ ቤት አይገባም፤ በሩንም አይነካም፤ የነካው ይረክሳል ይባላል። ጉዳይ ያለው ማንጆ ራቅ ብሎ ደጅ ይቆምና፣ ራሱን ገልጦ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ ይጠብቃል፤ ሰምቶ የሚወጣ እስኪገኝ። ዝናብ ቢመጣ ይዘንብበታል። ምግብ ቢሰጡትም በኮባ ቅጠል ነው፤ እሱንም እዚያው ደጅ ነው የሚበላው።

ትምህርት የጀመሩት በመስኮት ነው፣ ከውጭ ቆመው እያዩ። ከሌላ አገር የመጣ አንድ አስተማሪ እጃቸውን ይዞ አስገብቶ አንዱ አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጣቸው፣ አግዳሚው ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ተነሡ። እሳቸው አልተነሡም። በዚያው አግዳሚ ብቻቸውን እንደተቀመጡ ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ ጤና ረዳት ሆነው ተመለሱ። ሕመም ሲጠና መርፌ የያዘ እጅ የማን ነው አይባልምና በየቤቱ ይጠራሉ። ሲሄዱ በር ያንኳኳሉ፤ ያውም በጡጫቸው። ሌሎቹን ማንጆዎች ዛፍ ሥር ሰብስበው፣ ከእንግዲህ ማናችንም ደጅ ቆመን አናስልም አሏቸው። ለዚህም ተደበደቡ፣ ቤታቸው ተቃጠለ፣ ታሰሩ። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ወገኖቻቸው ለምርጫ አቀረቧቸው፤ በዚያ በጡጫ ከሚንኳኳው በር ኋላ ከነበሩት ካፊቾዎችም ጥቂት የማይባሉት መረጧቸው። ምክር ቤት ገብተው መጀመሪያ የተናገሩትን ብዙወርቅ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እዚህ ቤት የገባሁት በበሩ ነው፣ ከኋላዬ ያሉት ግን ዛሬም ደጅ ቆመዋል ነበር ያሉት።

ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ለማንም አልነገረችም። አባቷ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ባስገቧት ሰሞን፣ አንዲት የቦንጋ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች በሰማች ቀን ፍራሿን ጠቅልላ ከመኝታ ክፍሉ ወጣች። ብዙወርቅ ከዚያ በኋላ «የካፋ ልጅ ነኝ» ብላ ዝም ማለትን ለመደች። ውሸትም አልነበረም። በኋላ ለፈታችው ለሊና አባት ይህንኑ ነገረችው፤ ለሊናም ይህንኑ። ፓርላማውን ሰጠቻቸው፤ ጫካውን አስቀረችባቸው። አባቷ ገብቷቸው ነበር። አዘኑባት እንጂ አልወቀሷትም።

በሽታው የጀመራቸው እዚህ ነው። ሀውስአርትሷ፣ የቤተሰብ ሐኪሟ፣ የመርሳት በሽታ ነው አለች። በሽታው እንደ ሽንኩርት ከላይ ከላይ ላጣቸው። መጀመሪያ ፓርላማው ሄደ። አንድ ቅዳሜ ሊና ዴን ሃግ ወስዳቸው የሆላንዶችን ምክር ቤት ከፊቱ ካለው ኩሬ ማዶ ስታሳያቸው፣ የማን ቤት ነው፣ ባለቤቱ ትልቅ ሰው መሆን አለበት ብለዋት ነበር። ሊና ይህን እየሳቀች ለእናቷ ነገረቻት፤ ብዙወርቅ አልሳቀችም። ቀጥሎ ክሊኒኩ ሄደ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። ተልጦ ተልጦ መጨረሻ የቀረው ከሰል የተሸከመው ልጅ ነው።

ሳሉን መጀመሪያ የሰማችው በሆላንድ በጋ መጨረሻ ነበር። ስትከፍት አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከበሩ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«እመቤቴ» አሏት አቀርቅረው፣ «ከሰል አምጥቻለሁ።»

እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ለመደችው፤ ሳል በሰማች ቁጥር ትከፍታለች። ለሊና፣ አያትሽ ውጭ ሲያስል ክፈቺለት ልትላት ብዙ ጊዜ አስባለች። ግን ልጅቷ ለምን ትላለች፤ ለምን ከተባለ ደግሞ ጫካው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ነገ እነግራታለሁ፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ እያለች ኅዳር ገባ።

አቶ አዘዘ የመጡት አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ሊሸኝ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሮተርዳም የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የቦንጋ ካፊቾ። ብዙወርቅ የት አገር ሰው እንደሆኑ ከሰማች ጀምራ በሠርጉም በክርስትናውም ስትሸሻቸው ኖራለች። በክፍቱ በር ብቅ ሲሉ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ወይ ደጅ ቆመው እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው ይመለሳሉ፣ ወይ ገብተው እህል አልነካም ይላሉ፤ ያኔ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል።

ሽማግሌው ገቡ። ጎንበስ ብለው ሳሟትና አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ ሲቀርብላቸው ዘግነው ቃሙ። የማን ቤት እንደሆነ አላወቁም ማለት ነው ብላ ትንሽ ተነፈሰች። አቶ ፈቃደ እንደ ደንቡ አሟሟቱን ያወሩላቸው ጀመር፤ በረንዳውን፣ ዝናቡን፣ ያልተሰማውን ደወል። እግረ መንገዳቸውንም ነገ በስንብቱ ላይ የሚናገሩትን የሕይወት ታሪክ አነሡ፤ ከጨዋ ቤተሰብ መወለዳቸውን አስቀድመው እንደሚያወሱ ነገሯቸው።

አቶ አዘዘ ማላመጥ አቁመዋል።

«ያስሉ ነበር?» አሉ።

ስለ ሳሉ አቶ ፈቃደ አልተነፈሱም ነበር።

«ጎረቤቷ ሰምታለች» አሉ አቶ ፈቃደ። «እርስዎ በምን አወቁ?»

ሽማግሌው ወደ ብዙወርቅ ዞሩ። ያውቃሉ። ንፍሮውን ከመዝገናቸው በፊት፣ ከሮተርዳም ባቡር ከመሳፈራቸውም በፊት ያውቁ ነበር። ቢናገሩ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ግን እንዲያው ነው የጠየቅሁት አሉና ዓይናቸውን ወደ እጃቸው መለሱ። ነገሩን ለባለቤቱ ተዉለት።

ብዙወርቅ ተነሥታ ሊና ክፍል ገባች። አላባበለቻትም፤ እጇን ይዛ አወጣቻትና ከለቀስተኛው መሀል ፍራሹ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አያትሽ ደወሉን አልነካውም» አለቻት። «ማንጆ ነበር። እኔም ማንጆ ነኝ፤ አንቺም። አያትሽ ባደገበት አገር ማንጆ የሰው በር አይነካም፤ ደጅ ቆሞ ያስላል፣ እስኪከፍቱለት ይጠብቃል። እድሜውን ሙሉ ታግሎ ያንን ጥሎት ነበር። በሽታው መለሰበት። ስንት ጊዜ ሲያስል ሰምቼ ከፍቼለታለሁ። ላንቺ ግን አልነገርኩሽም። አፍሬ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ብዙወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ይህን ዝምታ ነው። አሁን አንዱ ተነሥቶ ካፖርቱን ይቆልፋል፣ አንዷ ብርጭቆዋን ታስቀምጣለች ብላ ጠበቀች። ወይዘሮ አበባይሽ ወደ አቶ ፈቃደ ጠጋ አሉ።

«ማንጆ ማለት ምንድን ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

አቶ ፈቃደ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ጎንደሬው አላወቀውም፤ አዲስ አበቤውም አላወቀውም። ከወደ ጥግ አንዷ የወረዳው ስም ይሆናል አለች። ብዙወርቅ ሁሉንም ሰማች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከሆዷ ወጣ። ይህን ሁሉ ዘመን የተደበቀችው ምኑንም ከማያውቁ ሰዎች ነበር። የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ከአንድ ሳህን ንፍሮ ይዘግናል።

ሊና ግን ገብቷታል። የአማርኛውን ቃል እየፈለገች ዝግ ብላ ተናገረች።

«ዱስ… እንግዲያው፣ አልደወለም።»

«አልደወለም፣ ልጄ።»

«ሳሉን ብትነግሪኝ ኖሮ ማዳመጫ አላደርግም ነበር።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ከድስቱ ጨልፋ፣ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ ቆማ በላች። ወይዘሮ አበባይሽ ተመስገን አሉ። ሊና በልታ ስትጨርስ ሳህኑን አጠበች፤ በእናቷ አጠገብ አልፋ ወደ ክፍሏ ስትገባም አላየቻትም።

በማግስቱ ስንብቱ የተደረገው ከከተማው ዳር ባለ አዳራሽ ነው፤ ከዚያ ሳጥኑ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይሄዳል። አቶ ፈቃደ የሕይወት ታሪኩን ተናገሩ። ጨዋ ቤተሰቡን ትተውታል። «የተከበሩ አቶ አስራት ከማንጆ ቤተሰብ ተወለዱ» አሉ፣ «ማንጆ» የምትለዋን ቃል እንዳይሰብሯት ጠንቀቅ ብለው። ከሰሉን አሉ፣ መስኮቱን አሉ፣ ባዶውን አግዳሚ አሉ፤ ማታ ብዙወርቅ በቃል የነገረቻቸውን አንዱንም አላስቀሩም። ሰው ከልቡ አለቀሰ። ብዙወርቅ እውነቱ ከወጣ ሳሉ የሚተዋት መስሏት ነበር። አልተዋትም። የአዳራሹ ከባድ በር በተዘጋ ቁጥር ከወዲያ በኩል ጉሮሮውን የሚጠርግ አለ፤ ወደፊትም በማንኛውም በተዘጋ በር ኋላ እንደምትሰማው ያን ጊዜ ገባት።

ሳጥኑ ሲወጣ ሰው ተከተለ። ከአዳራሹ እስከ መኪናው ያለው መንገድ ቀጭን የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ግራና ቀኙ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ሣር። ቀድመው የወጡት አቶ አዘዘ ሳጥኑ ሲቀርባቸው ከንጣፉ ወረዱ። ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገባ። እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ወይዘሮ አበባይሽ ለተሸካሚዎቹ ቦታ የለቀቁ መሰላቸው። ብዙወርቅ ግን ምን እንደምታይ ታውቃለች። በካፋ የጫካ መንገድ ማንጆና ካፊቾ ሲገናኙ ከመንገድ የሚወርደው ማንጆ ነበር፤ ያኛው እስኪያልፍ ጭቃው ውስጥ አቀርቅሮ ይቆማል። ካፊቾ ለማንጆ ሲወርድ አባቷ በሕይወታቸው አላዩም።

ሳጥኑ አለፈ። ሽማግሌው ካሉበት አልተነቃነቁም። ብዙወርቅ ከሰልፉ ወጥታ ወደ እሳቸው ወረደች።

«ጋሼ፣ ወደ መንገዱ ይውጡ።»

«ይለፉ፣ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እሳቸው ይለፉ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«አባቴ ሰው ከመንገድ ሲወርድለት አይወድም ነበር።»

እጅጌያቸውን ይዛ ወደ ንጣፉ ሳበቻቸው። ከበዷት፤ ጭቃው እግራቸውን አልለቅም አለ። ሊና ከሰልፉ መሀል አየቻቸው። መጣች፤ እናቷን ሳታይ በሌላው በኩል የሽማግሌውን ክንድ ደገፈች። ሦስቱም ወደ መንገዱ ወጡና ሳጥኑን ተከተሉ። ንጣፉ ለሦስት ሰው ጠባብ ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብበው እስከ መኪናው ድረስ ሄዱ፤ አንዳቸውም አልወረዱም።